የባለጉዳዩ ወንበር

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ፀሐይዋ ወደዚያኛው ግድግዳ እስክትዞር ድረስ ጥላው ይበቃናል። አንተ ድንጋዩ ላይ፣ አንቺ ግንዱ ላይ፤ የቀራችሁት ቁርበቱ ላይ ተጠጋጉ። ይህን እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር ብቻ ለጊዜው ተዉልኝ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ የእሱን ነገር ነው። ሲጢጥ ሲል ብትሰሙም አትሳቁበት። ከእናንተ ሁሉ ታላቅ ነው፤ ከዕድሜውም እኩሌታውን ያሳለፈው ማንም ሳይቀመጥበት ነው።

የአገሩን ስም አልጠራም። ስም ከጠራሁ እገሌን ነው፣ እገሊትን ነው ትላላችሁ፤ ይቅር። አንዲት ከተማ ነበረች በሉ። መሐሏን ወንዝ ያልፍባታል። ከወንዙ ወዲህ እኛ ነን፤ ከወንዙ ወዲያ ዩኒቨርሲቲው ነው። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ በትምህርቱ ብዙም አልገፋሁም፤ ድልድዩን ግን ሸክም ይዤ ዕድሜ ልኬን ተመላልሼበታለሁና ወዲያም ወዲህም የሚባለውን እሰማ ነበር።

በዩኒቨርሲቲው ሐሙስ ሐሙስ ውይይት ነበር። የሕዝብ ጉዳይ የተባለ ሁሉ መጀመሪያ ይጠናል፤ ጥናቱ ሐሙስ ይነበባል፤ ሊቃውንቱ ይወያዩበታል፤ ውይይቱ ውሳኔ ይሆናል፤ ውሳኔው ድልድዩን ተሻግሮ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ የምናውቀው መምጣቱን ነው።

ውይይቱ አንድ ጥንታዊ ሕግ ነበረው፤ «ባለጉዳዩ በሌለበት ጉዳዩ አይነሣ» የሚል። መልካም ሕግ ነው፤ ያወጡትን ነፍስ ይማር። ታዲያ ከለታት አንድ ቀን፣ ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቶ ባለጉዳዩ መሻገር አቃተው። ሊቃውንቱ ተሰብስበዋል፤ ጥናቱ ተዘጋጅቷል፤ ሕጉን ማፍረስ ደግሞ አልፈለጉም። ስለዚህ ለባለጉዳዩ አንድ ወንበር ፊት ለፊት አኖሩለትና «አለ እንበል» ብለው ጀመሩ። ውይይቱ ከመቼውም ይልቅ ሰመረ። ወንበሩ አላረፈደም፤ ከነገሩ አልወጣም፤ ማደሪያም አልጠየቀም። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ባለጉዳዩን መጥራት የሚባለው ነገር በዚያው ተረሳ።

ከዚያ ወዲህ ያ ወንበር በጣም የተከበረ ሆነ። የሚያለብሰው ሰው ተቀጠረለት። ስለ ገበሬ ሲወያዩ ጋቢ ያለብሱታል፤ ስለ ሕፃናት ሲሆን ከፍ እንዲል ትራስ ያደርጉበታል፤ ስለ ሕሙማን ሲሆን ብርድ ልብስ ደርበውለት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገራሉ። ስለ ረኃብ በተወያዩ ቀን፣ ምሳ ሲደርስ ከፊቱ መብላት ነውር ነው ብለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት በሉ።

ወንበር አፍ ስለሌለው ደግሞ አፍ ተሾመለት። ሹመቱ አፈ ወንበር ይባላል። በእኛ ጊዜ የነበሩት አቶ ጌጡ ናቸው፤ መልከ መልካም፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ጥናቱ ተነቦ ሲያልቅ ወደ ወንበሩ ጎንበስ ይሉና «ባለጉዳይ ሆይ፣ ይስማማሉ?» ይላሉ። ጆሯቸውን አስጠግተው ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ተስማምተዋል» ይላሉ። ይጨበጨባል። በዚያ ሁሉ ዘመን ወንበሩ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ይህም በሕዝቡና በሊቃውንቱ መካከል ያለውን መግባባት ያሳያል ተብሎ ራሱን የቻለ ጥናት ተጽፎበታል።

ሌላም ልማድ አለ፤ ይህኛው የወዲያም የወዲህም ነው። በአገራችን የአንድን ቤት እህል የቀመሰ ሰው በዚያ ቤት ላይ እጁን አያነሣም። ጠላት እንኳ ቢሆን ከበላ በኋላ ነገሩን ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ዳኛ ስንቁን ይዞ ይዞራል፤ ግብር ሰብሳቢም ውኃውን በቅል አንጠልጥሎ ይመጣል። አንዱ ግብር ሰብሳቢ አባቴ ደጃፍ ላይ አቧራ አንቆት ሲስል ውኃ ብናቀርብለት፣ እጁን እያወናጨፈ እምቢ ብሎ እንባው በጉንጩ እስኪወርድ ድረስ ስሏል። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር።

እንግዲህ እትዬ ዘርትሁን ከእኔ ቤት ከፍ ብሎ ባለው ግቢ ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ከእሷ ቀጥሎ የይመኙሻል ቤት ነው። ይመኙሻል በልጅነቷ ባገኛት በሽታ ዓይኗን ያጣች ሴት ናት። በሁለቱ ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ያጠፋል እንደምታውቁት፤ ይመኙሻል ስታልፍ «ይኸ እኔን ምን ያደርገኛል፤ ቀድሞ የጠፋ ነው» እያለች ትሥቃለች። ዘርትሁን ግን እየተነጫነጨች የቀዳዳውን ዙሪያ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላው ነበር።

ከአንድ ሰሐን ነው የሚበሉት። አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ። ጠዋት ቀድማ የነቃችው ቀዳዳው ዘንድ ሄዳ ሌላይቱን ትሰድባታለች፤ ሰላምታቸው እሱ ነው። «አልሞትሽም እንዴ?» ትላለች አንዷ። «አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ» ትላለች ሁለተኛዋ። ይህን ስሰማ ነጋ እላለሁ እኔም ከታች።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው አንዲት አጥኚ መጣች። ልዕልና ትባላለች፤ ቀጭን፣ ትሁት ልጅ ናት፤ ስትገባ ጫማዋን ላውልቅ ወይስ ልተው ብላ ደጃፉ ላይ ስትጨነቅ አይቻታለሁ። ይዛ የመጣችው ጥናት ብቻቸውን ስለሚኖሩ አረጋውያን ነበር።

«እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለቻት ዘርትሁንን።

«ከይመኙሻል ጋር።»

ልዕልና ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። «የት አሉ?»

«ቤቷ ናታ።»

«ቤታቸው የት ነው?»

«ያውልሽ፣ ከአጥሩ ወዲያ።»

«እንግዲያው በዚህ ቤት ብቻዎን ነዎት።»

«በዚህ ቤት ብቻዬን ነኝ። እሷም በዚያኛው ብቻዋን ናት። በቀዳዳው ግን ሁለት ነን።»

ልዕልና ጥቂት አሰበች። ነገሩ ገብቷት ነበር ብዬ አምናለሁ። «ጥናቱ የሚቆጥረው ቤት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ቀዳዳ አይቆጥርም።»

«ምን ከፋኝ፣ ቤቱን ቁጠሪ። በይ አሁን ቅመሽ» ብላ ዘርትሁን የሽምብራ ቆሎ አቀረበችላት።

ልጅቱ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «ይቅርታ እማማ፤ ከቀመስኩ ጥናቱ ይዛባል።»

«ቆሎ ነው እኮ።»

«ቆሎም ያዛባል።»

ዘርትሁን አልተቀየመችም። የሰው ሥራ ታከብራለች። ቆሎውን መልሳ፣ እስከ በሩ ሸኘቻት።

ጥናቱ ሲያልቅ በከተማችን ብቸኝነት መብዛቱ ተገኘ። ለዚህም መድኃኒቱ ብቸኞቹን አንድ ላይ ማሰባሰብ ሆነ። ከኮረብታው ጀርባ የአብሮነት ሰፈር የሚባል ቦታ ተሠራ፤ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ክፍል፣ ለያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ በር። የሚያዩት ከሚያዩት ጋር፣ የማያዩት ከማያዩት ጋር እንዲሆኑ ታሰበ፤ ፍላጎታቸው ይለያያል ተብሏል። በሁለቱ መካከል ግንብ ቆመ። ጥሩ ግንብ ነው፤ ቀዳዳ የለውም።

የዩኒቨርሲቲው መልእክተኛ በየደጃፉ እየዞረ አስታወቀን። ዘርትሁን ደጃፍ ሲደርስ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ሐሙስ ውይይቱ ይደረጋል» አላት። «ባለጉዳዩ ሲስማማ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ውሳኔው ይጸናል። ከዚያ ጋሪ ይመጣልዎታል።»

«ማነው የሚስማማው?»

«ባለጉዳዩ ነዋ።»

«እሱ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ እኮ አልተስማማሁም።»

«ገና ነው» አላት መልእክተኛው በትሕትና። «የሚስማሙት ሐሙስ ነው።»

በዚያ ምሽት እራት በይመኙሻል ቤት ነበር። ዘርትሁን ቀዳዳውን አልፋ ገባች፤ ሰሐኑን በመካከላቸው አኖረችና ሳትቆርስ ተቀመጠች።

«ሰማሽ?» አለች።

«የጠፋው ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ሆነ።»

«ሊለያዩን ነው።»

«ተገላገልኩ በይኛ። ዕድሜ ልኬን ጨው እያበዛሽ ፈጀሽኝ።»

«ምላስሽ ነው የሞተው፤ ጨውስ ልክ ነው።»

በሉ፣ ጠጡ፣ ሰሐኑ ታጠበ። ዘርትሁን ልትሄድ ስትነሣ ይመኙሻል የቀሚሷን ጫፍ ያዘቻት።

«ዘርትሁን» አለች። «እዚያ ሲነጋ ማን ይሰድበኛል?»

ሐሙስ ሲደርስ ዘርትሁን ነጠላዋን አጣፍታ ድልድዩን ተሻገረች። በአዳራሹ የሆነውን የምነግራችሁ ራሷ እንዳጫወተችኝ ነው፤ የጎደለውን በኋላ ልዕልና ሞልታልኛለች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘርትሁን መንገዱ ደክሟት ነበርና መቀመጫ ፈለገች። ሁሉም ተይዟል፤ ፊት ለፊት አንድ ወንበር ብቻ ነጠላ ለብሶ፣ ምርኩዝ ተደግፎበት ባዶውን ቆሟል። ሰው ዕቃውን ትቶ የወጣ መሰላት። የወንበሩን ነጠላ በወጉ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችና ምርኩዙን አጠገቧ አስደግፋ ተቀመጠች።

አፈ ወንበር ጌጡ በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ መጡ። «እማማ፣ ይቅርታ፤ ይህ ወንበር ባለቤት አለው።»

«የማን ነው?»

«የባለጉዳዩ።»

«የምን ጉዳይ?»

«ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ጉዳይ።»

«እንግዲያው ያለ ቦታዬ አልተቀመጥኩም» አለች ዘርትሁን።

ጉባኤው ተንሾካሾከ። የውይይቱ አለቃ ሊቀ ጥናት ደምሰው ተነሡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሐሰትም አይናገሩም። «እናቴ» አሉ፣ «በጥናታችን መሠረት ባለጉዳዩ ሰባ አንድ ዓመት ከሩብ ናቸው። ሁለት ልጅ ተኩል አላቸው። እርስዎ ስንት ልጅ አለዎት?»

«አልወለድኩም።»

«አያችሁ» አሉ ሊቀ ጥናት ወደ ጉባኤው ዞረው። «እኒህ እናት ባለጉዳዩ አይደሉም። ምሳሌ ናቸው።»

«እነዚያ ሁለት ልጅ ተኩሎቹ ካሉ ላኩልኝ» አለች ዘርትሁን። «እንጨት ይፈልጡልኛል።»

አዳራሹ ሳቀ፤ በፍቅር ነው የሳቀው። ሁለት ሊቃውንት ክንዷን ደግፈው ከወንበሩ አንሥተው ከጎን ባለ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ነጠላው እንደገና ወንበሩ ላይ ተዘረጋ፤ ምርኩዙም ቦታው ተመለሰ። ሻይ ቀረበላት። አልነካችውም። «ይቅርብኝ» አለች፤ «ጉዳዬ ይዛባል።» ልዕልና ይህን ጊዜ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ምሳሌዋ ትናገር ተባለ፤ ተናገረች። ስለ ቅንጭቡ ተናገረች፤ ስለ ሰሐኑ ተናገረች፤ ጠዋት ጠዋት ስለሚሰዳደቡት ሁሉ ሳትደብቅ ተናገረች። ረጅም ጭብጨባ ሆነ። አንድ ሊቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሌላው ተነሥተው «ይህ ጥናታችን ልብ የሚነካ መሆኑን ያረጋግጣል» አሉ። ጭብጨባው ሲያልቅ አፈ ወንበር ጌጡ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ ብለው «ባለጉዳይ ሆይ፣ ይስማማሉ?» አሉ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀና አሉ።

«ተስማምተዋል።»

ዘርትሁን ከአግዳሚው ተነሣች። ቀስ ብላ ወደ ፊት ሄደች።

«ይህን ወንበር ከባለጉዳዩ በቀር ማንም አይንካው ብላችኋል?»

«አዎን እማማ» አሉ አቶ ጌጡ። «እርስዎ ግን፣ አስቀድመን እንደገለጽነው፣ ምሳሌ ነዎት።»

«ጋሪው ሲመጣ ምሳሌውን ነው የሚጭነው ወይስ እኔን?»

አቶ ጌጡ ሊቀ ጥናትን አዩ። ሊቀ ጥናት ብዙ አሰቡ። «ጋሪው የሚጭነው እርስዎን ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ወንበሩም የእኔ ነው» ብላ ነጠላውን ከወንበሩ አውልቃ፣ እንደ ማዘያ አድርጋ፣ ወንበሩን እንደ ልጅ ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ምርኩዙን ትታላቸዋለች፤ አያስፈልጋትም ነበር።

ማንም አላስቆማትም። ደግነት አይምሰላችሁ፤ ፍርሃትም አይደለም። ትቁም ወይስ አትቁም በሚለው ላይ ሁለት አሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሁለቱም ጥሩ ጥሩ ደጋፊ አግኝተው ሲከራከሩ እሷ ድልድዩን ተሻገረች።

እኔ ከድልድዩ ወዲህ ሸክም አውርጄ ላቤን ስጠርግ ነው ያገኘኋት። ወንበር አዝላ ስትመጣ ሳይ ደንግጬ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? አምጪ ላግዝሽ።»

«ተወው» አለችኝ። «ቀላል ነው። ማንም ተቀምጦበት አያውቅም።»

ወንበሩን አጥሩ ዘንድ፣ ከቀዳዳው ፊት አኖረችው። ይመኙሻል ዳሰሰችው፤ እግሩን፣ መደገፊያውን፣ የተጠረበውን ጌጥ። «እሰይ» አለች፤ «አንቺስ መቼም ባዶ እጅሽን አትመጪ።» ተቀመጠችበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስድቡ ከወንበር ላይ ሆነ።

የሚቀጥለው ሐሙስ ደረሰ። ውሳኔው የሚጸናው ባለጉዳዩ ባለበት ሁለተኛ ሲጠየቅ ነው፤ ወንበሩ ደግሞ የለም። አንድ ወጣት መምህር ከአዳራሹ ወንበሮች አንዱን ወስደን እናልብሰው ቢል፣ ታላላቆቹ እጅግ ተቆጡ። ማንኛውም ወንበር የባለጉዳይ ወንበር መሆን ከቻለ በአዳራሹ ያለው ወንበር ሁሉ የባለጉዳይ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የተቀመጥንበት እኛ ማን ልንሆን ነው አሉ። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀ።

አቶ ጌጡ ወንበሩን እንዲያመጡ ተላኩ። በቅንጭቡ አጥር በኩል ብቅ ሲሉ ዘርትሁን ጎመን ትኮተኩታለች።

«እማማ፣ የባለጉዳዩን ወንበር ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ሰው ተቀምጦበታል።»

አቶ ጌጡ ወደ ቀዳዳው አዩ። «ሲነሡ ልጠብቅ?»

«ጠብቅ። ሲመሽ ትነሣለች። ካልሆነም ጉባኤህን ይዘህ ና፤ ወንበሩ እንደሆን እዚህ አለልህ።»

ልጆቼ፣ ሕጉ ባለጉዳዩ በሌለበት አይነሣ ይላል እንጂ በአዳራሽ ይሁን አይልም። ስለዚህ ጉባኤው ተነሥቶ መጣ። ሊቀ ጥናት ከፊት፣ ሊቃውንቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከኋላ፣ ድልድዩን ሲሻገሩ የእኛ ሰፈር ሰው ቀብር መስሎት ቆሞ አሳለፋቸው። አብዛኞቹ ወዲህ ሲሻገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። አንደኛው ድልድዩ ላይ ቆመው «ከወዲያ ሲያዩት አጭር ይመስላል» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ግቢው ጠባብ ነው። አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ግንድ ላይ፣ ሊቀ ጥናት ደግሞ በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ ዛሬ እናንተ እንደተቀመጣችሁት። ይመኙሻል ከቀዳዳው ፊት በወንበሩ ላይ ናት። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜአለሁ።

ዘርትሁን ከጠዋት ጀምሮ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ጥዳ ነበር። አውጥታ በሰፌድ ስታቀርበው ይመኙሻል ሽታው ደረሳት።

«ንፍሮ ነው? ማን ሞቶብን ነው?»

«ገና አልታወቀም» አለች ዘርትሁን። «ሲወስኑ እንሰማለን።»

ንፍሮውን የቀቀለችው አስባበት ይሁን፣ ወይስ እንግዳ ስለመጣ ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብጠይቃትም «ሰው ቤትህ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ እንጂ አልነገረችኝም። ሰፌዱ በሊቃውንቱ መካከል ተቀመጠ። እንፋሎቱ ይወጣል። ርቧቸዋል፤ መንገዱ ዳገት ነው። ማንም እጁን አልዘረጋም። የቤቱን እህል የቀመሰ በቤቱ ላይ እጁን እንደማያነሣ ሁሉም ያውቃል።

ይህን ጊዜ ልዕልና ከኋላ ተነሣች። መጥታ ሰፌዱ አጠገብ ተንበረከከች። አለቃዋ ሊቀ ጥናት ደምሰው ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው። ከንፍሮው በእፍኟ ሙሉ ዘግና ቃመች። እያላመጠች ወደ ዘርትሁን ቀና አለች።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

«ሰማሽ?» አለች ይመኙሻል። «የተማረ ሰው ነው የመሰከረው።»

ዘርትሁን ሳቀች። ያንን ሣቅ ብትሰሙት። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ሊቅ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሰፌዱ ዙሪያውን ተከበበ። ሊቀ ጥናት ብቻ ሙቀጫው ላይ ቀሩ።

አፈ ወንበር ጌጡ ሥራቸው ነውና አፋቸውን ጠርገው ተነሡ። በልማዳቸው ወደ ወንበሩ ጎንበስ ብለው «ባለጉዳይ ሆይ፣ ይስማማሉ?» አሉ። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«በምኑ?» አለች ይመኙሻል።

አቶ ጌጡ እንደ ጎነበሱ ቀሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲጠይቁ መልስ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ከመልሱ በኋላ የሚባለውን ማንም አላስተማራቸውም።

«ወደ አብሮነት ሰፈር ለመሄድ» አሉ ድምፃቸው ጠፍቶ።

«ዘርትሁንስ?»

«እሳቸውም ይሄዳሉ። ከግንቡ ወዲያ።»

«ከግንቡ ወዲያ ሆና ስትሰድበኝ ይሰማኛል?»

አቶ ጌጡ ወደ ሊቀ ጥናት ዞሩ። ሊቀ ጥናት ወደ ልዕልና ዞሩ። ልዕልና ንፍሮ አፏ ውስጥ እንዳለ ራሷን ነቀነቀች። አይሰማም።

«እንግዲያው አልስማማም» አለች ይመኙሻል። «አንተ ብትሆን ትስማማ ነበር?»

«እኔ አፍ ብቻ ነኝ እናቴ።»

«አፍ ከሆንክስ ሰፌዱ ሳያልቅ ሂድና ብላ።»

አቶ ጌጡ ቀና አሉ። ጉባኤው የሚጠብቀውን ቃል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣላቸውም። ከዚያ በዚያ ከሩቅ በሚሰማ ድምፃቸው «አልተስማሙም» አሉ። ማንም አላጨበጨበም፤ እጅ ሁሉ ንፍሮ ይዟል።

ሊቀ ጥናት ከሙቀጫው ተነሡ። እህል ያልቀመሱት እሳቸው ብቻ ናቸውና እጃቸውን ማንሣት ይችሉ ነበር። ግራ ቀኝ አዩ፤ ቀዳዳውን አዩ፤ ዙሪያውን የተጠቀለለውን አሮጌ ጨርቅ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። «ይህ ለምንድነው?» አሉ።

«ቅንጭቡ ዓይኗን እንዳይነካት» አለች ዘርትሁን።

«እሳቸው የማያዩ አይደሉም እንዴ?»

«አታይም።»

ሊቀ ጥናት እጃቸውን ወደ ሰፌዱ ዘረጉ። የቀረችው ጥቂት ናት፤ ተካፈሉ።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ አለቀ ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ እኔ የማላውቀውን አልጨምርም። የሁለቱ ቤት በቦታው ቀረ፤ የእኔም ሰፈር እንዳለ ቀረ። ከታች ባሉት ሰፈሮች ግን ጉባኤው ሳይሻገር፣ አዲስ ወንበር አሠርቶ ነው የወሰነው። ብዙዎቹ ሄደዋል። በየክፍላቸው በር ላይ አንድ አንድ ወንበር አለ ይባላል፤ ማታ ማታ ሁሉም በየበሩ ተቀምጦ ግንቡን ያያል አሉ። አዲሱ የባለጉዳይ ወንበር ከፊተኛው በጣም ያማረ ነው፤ እግሮቹን ከወለሉ ጋር በብረት አሰሩት። አቶ ጌጡ ጉሮሮዬን አሞኛል ብለው ሹመቱን መለሱ። ልዕልና ግን ሐሙስ ሐሙስ አዳራሽ መሄዱን ትታ እኛ ዘንድ ትመጣ ጀመር። ምንም ይዛ አትመጣም። ቀዳዳው ፊት ቆማ «ልግባ?» ትላለች፤ «ሁለት ነን ብለናል፤ ከገባሽ ቁጥሩ ይዛባል» ይሏታል፤ ከዚያ ትገባለች።

ዘርትሁን ቀድማ ሞተች። በሚቀጥለው ጠዋት ይመኙሻል በቀዳዳው ፊት ተቀምጣ ብዙ ጠበቀች። እኔ ከታች ሰማኋት፤ ዝምታውን ማለቴ ነው። አልቻልኩም፤ ወጣሁና ከአጥሩ ወዲህ፣ በዘርትሁን በኩል ቆሜ «አልሞትሽም እንዴ?» አልኳት። «አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ» አለችኝ። አልቀበረችኝም፤ እኔ ቀበርኳት። ወንበሩንም ለአንተ ነው ብላኝ ነበር።

ይኸው፣ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን ጥላው ዞሯል፤ ተነሡ፣ መንገድ አለባችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ተራ በተራ አንድ አንድ ጊዜ ተቀመጡበት፤ ያገራችሁን ነገር፣ የልባችሁን ነገር፣ የፈለጋችሁትን ተናገሩበት። አንቺ ጀምሪ፣ አትፈሪ፤ እኔ እዚህ ድንጋዩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳወጣው ከበደኝ። እኔ አርጅቼም ይሆናል። ቢሆንም ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አልቀየማችሁም፤ ዘርትሁን አዝላው ያን ድልድይ በተሻገረች ቀን ቀላል እንደ ነበር፣ ለምን ቀላል እንደ ነበርም፣ ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።